ዝናብ ያለበት አገር

ሐወሊ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከወርቅ ቤቱ በላይ፤
ሐምሌ ነው፣ አስፋልቱ ይፈላል፣ አመድ መስሏል ሰማይ።
ማቀዝቀዣው እንደ ሽማግሌ ያስላል፣
አለቃዬ ቢጁ «ፈገግ በል እንጂ» ይላል።

ፈገግ እላለሁ።
አውሮፓን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣
እንደ ጨርቅ ነጋዴ በክንዴ እለካለሁ፦
ለቪየና ሦስት ሌሊት፣ ለፕራግ ሁለት ይበቃል፣
ባቡሩ ላይ መስኮት ዳር ያልያዘ ገንዘቡ ይባክናል፤
ሮምን በነሐሴ አይሞክሯት፣ እሷም እንደኛ ትነዳለች፣
ፓሪስ ሰልፍ ትወዳለች፣
ቬኒስ ለልጅ ጋሪ አትመችም፣ ደረጃ ታበዛለች።

ይህን ሁሉ የምናገር ሰው
ከኩዌትና ከቦሌ በቀር ሌላ አየር ማረፊያ አላየሁም።
የሸንገን ቅጽ ስንቱን ሞላሁ! የራሴን ስም ግን
አንድም ቀን አልጻፍኩበትም።

ማክሰኞ ኡም በድር መጡ፣ ከልጅ ልጃቸው ከነዋፍ ጋር።
ሐይቅ አሳየኋቸው። «ውኃማ ባሕራችን ሞልቷል።»
ቤተ መንግሥት አሳየኋቸው። «የልጄ ቤት ይበልጣል።»
በረዶ አሳየኋቸው። «ፍሪጄን ከፍቼ አየው የለ?»
«ታዲያ ምን ልምረጥልዎ?»
«ዝናብ» አሉ።
«ቁጭ ብዬ የምሰማው።»

ነዋፍ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
የኦስትሪያን መንደር አወጣሁ፤ ሥዕሉ ለምለም ነው፣ ያምራል፤
ስለ ዝናቡ ግን «በሚሊ ሜትር፣ አማካይ» ብቻ ይላል።
ይህ ደግሞ አይሸጥም።
አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ፦
«እዚያ ዝናቡ ዝም ብሎ አይዘንብም፤ መጀመሪያ ይመጣል፤
ከማዶ ጫካው ሲያጉረመርም ሰው ልብሱን ከገመድ ያነሳል፤
ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ እንደሚቆጠር ሳንቲም፣
ከዚያ በኋላማ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤
መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፣
ተማሪው እጁን አጣጥፎ
ዝናቡ አስተምሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል።»

ቆርቆሮ! በኦስትሪያ!
«ይሄንን» አሉ። በጥሬ ገንዘብ ከፈሉ።
ቢጁ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

መስከረም ላይ ተመለሱ።
ቸኮሌት አምጥተውልኛል፣ ፊታቸው ግን የቅሬታ ነው።
«ዘንቧል፣ እሱን አልዋሸህም፤ አሥራ አንድ ቀን ዘነበ።
ድምፅ ግን የለውም።
ጣሪያቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ድርብ መስታወት፣
እንደ ዲዳ እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲያየኝ ሰነበተ።
መምህሩስ? ቆርቆሮውስ?
የሸጥክልኝ ዝናብ የት ነው?»

ለጠፋ ሻንጣ ቅጽ አለን፣ ለዘገየ በረራም አለን፤
ለማያንኳኳ ዝናብ የለንም።
«አልዋሸሁም» አልኩ። «አገሩን ነው የተሳሳትኩት።
ጎሬ ይባላል። ኢትዮጵያ፣ በምዕራብ በኩል።»
«ጻፈዋ!»
ጻፍኩ። ማሽኑ ፈለገ፣ ዞረ፣ ዞረ፣
«ጎተንበርግ ማለትዎ ነው?» አለኝ።

«መቼ ነው የሚዘንበው?»
«ከግንቦት እስከ ጥቅምት። ዋናው ሐምሌና ነሐሴ።»
«አንተ መቼ ሰማኸው?»

ጣቴ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቀረ።
ሐምሌና ነሐሴ ደንበኛ የሚጎርፍበት ነው፣ ፈቃድ አይሰጥም፤
የኔ ዕረፍት በጥር ነው፤ በጥር ጎሬ ሰማይዋ ጥርት፣ መንገዷ አቧራ።
አሥራ አራት ዓመት ለሰው ሁሉ ወቅት ስመርጥ
የራሴ ወቅት እንዳለፈኝ
ያን ጊዜ ቆጠርኩት።

የኦስትሪያውን ወረቀት ገልብጬ በእጄ ጻፍኩ፦
ቀን አንድ፣ አዲስ አበባ።
ቀን ሁለት፣ በመኪና እስከ መቱ።
ቀን ሦስት፣ ሽቅብ ወደ ጎሬ። ማረፊያ፦ ተጠይቆ የሚታወቅ።
ቀን አራት፣ ምንም። ቁጭ ብሎ መስማት።
ቀን አምስት፣ እንደ ቀን አራት።

«ስንት ሰው ነው የምትጽፈው?» አሉ፣ ዱላቸውን እያነሱ።
ቢጁ ከመስታወቱ ጀርባ ያየኛል።
«የተጓዥ ብዛት» የሚለውን
ለጊዜው
ባዶ ተውኩት።